ልጁ ተጠባባቂ፣ አባቱ ቋሚ ተሰላፊ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በሀዋሳ ሣር የበቀለበትም ያልበቀለበትም ሜዳ ሁሉ በታዳጊዎች ውድድር ስለሚያዝ፣ ለዚህ ዓምድ የሚላኩት ደብዳቤዎችም ከትዳርና ከቤት ኪራይ ጉዳይ ለጊዜው ወጥተው ወደ ታኬታ፣ ወደ ማልያና ወደ ቀበቶ ይዞራሉ። በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ከልጅ የመጣው አንድ ብቻ ሲሆን፣ ከጸሐፊዎቹ ሁሉ የረጋ አእምሮ ያለው እርሱ መሆኑን አስቀድመን ብንናገር ወላጆች ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ እናደርጋለን። ቅር ቢሰኙም መልሳችን አይቀየርም።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የ10 ዓመት ልጄ በሰፈራችን የታዳጊዎች ፕሮጀክት ከታቀፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ዘወትር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀስቅሼ ታቦር ተራራን አስወጣዋለሁ፤ ሲወርድ ሁለት ጥሬ እንቁላል በወተት መትቼ አጠጣዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በግራ እግሩ ብቻ ኳስ ከግድግዳ ጋር እንዲያጋጭ አደርጋለሁ። ይህ ሁሉ ተደርጎለት አሰልጣኙ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ስጠይቀውም «ገና ልጅ ነው» ይለኛል። ልጁ አሁን ካልተያዘ ጊዜው ያልፍበታል ብዬ እሰጋለሁ። እኔ ራሴ ጉልበቴ ባይከዳኝ ኖሮ በ1996 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ባነሣው የሀዋሳ ከተማ ቡድን ውስጥ ስሜ ይገኝ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ ከአውሮፓ ክለቦች ጋር ግንኙነት አለኝ የሚል አንድ ሰው ልጄን ሜዳ ላይ አይቶት ለጉዳይ ማስፈጸሚያ የሚሆን ገንዘብ እስከ ዓርብ እንዳቀርብ ጠይቆኛል። አሰልጣኙን ልቀይር፣ የልጁን የመሰለፊያ ቦታ ላስቀይር ወይስ ገንዘቡን ልክፈል?
(ጉልበቴ ነው፣ ከፍቅር ሐይቅ)

መልስ፦ የተከበሩ ጉልበቴ ነው፣ ሦስት አማራጮችን ዘርዝረው አራተኛውን፣ ማለትም አባትየውን መቀየር የሚለውን፣ ሳያነሡ ማለፍዎ አስገርሞናል። ሆኖም አባት በዝውውር መስኮት የሚቀየር ባለመሆኑ ባለው እንሠራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት። የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ በ19ኛው አንቀጹ 18 ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ከአንድ ሀገር ወደ ሌላ ሀገር ክለብ እንዳይዛወር ይከለክላል። የሚፈቀዱት ልዩ ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ወላጆች ከእግር ኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደ ሌላ ሀገር ሲዛወሩና ልጃቸውን ይዘው ሲሄዱ ነው። «ጉዳይ ማስፈጸሚያ» የሚባል ልዩ ሁኔታ በደንቡ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሕግ የሚያከብር የአውሮፓ ክለብ ልጅዎን ከዚህ ለመውሰድ ስምንት ዓመት ይጠብቃል፤ ሰውየው ግን ከዓርብ ማለፍ አልቻለም። በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ከአጥማጆቹ ጎን ቆሞ አንጀቱ እስኪጣልለት እንደሚጠባበቅ ሁሉ፣ በታዳጊዎች ሜዳ ዳርም እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ልዩነቱ አባ ኮዳ ከአውሮፓ ክለብ ጋር ግንኙነት አለኝ አለማለቱ ነው።

ወደ ሥልጠናው እንምጣ። የልጅዎ አጥንት ገና በማደግ ላይ ነው፤ ከጉልበት ሎሚው በታች ያለው ጅማት ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ በዚህ ዕድሜ ገና ያልጠነከረ የዕድገት ክፍል ስለሆነ፣ ሩጫና ዝላይ ሲበዛበት ያብጣል፣ ያማልም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ታዳጊዎች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን እንዲያርፉ፣ በዓመትም በድምሩ ሦስት ወር ያህል ከዋና ስፖርታቸው እንዲርቁ፣ በአንድ ስፖርት ብቻ መወሰንን ደግሞ እስከ 15 ወይም 16 ዓመታቸው እንዲያቆዩት ይላል። የእርስዎን ጉልበት ማን እንደከዳው ለይተን ባናውቅም፣ የልጅዎን ጉልበት ሊከዳው የተዘጋጀው ማን እንደሆነ ግን ከደብዳቤዎ በግልጽ ተረድተናል።

የእንቅልፉም ጉዳይ አለ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ይገባዋል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚቀሰቀስ ልጅ ዘጠኙን ሰዓት እንኳን ለመሙላት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መተኛት ይኖርበታል፤ ያ ደግሞ በቤትዎ የእንግሊዝ ሊግ ጨዋታ በሙሉ ድምፅ የሚታይበት ሰዓት ሳይሆን እንደማይቀር እንጠረጥራለን። እንቁላሉን ይቀቅሉት። ሰውነት ከተቀቀለ እንቁላል የሚያገኘው ፕሮቲን ከጥሬው ይበልጣል፤ ጥሬው በተጨማሪ ሊሰጥ የሚችለው ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋሲ ሲሆን፣ እርሱም በእርግጥ ልጅን ያስሮጣል፤ አቅጣጫው ግን ወደ ጎል አይደለም።

ጊዜው ያልፍበታል ለሚለው ስጋትዎ ከሀገራችን የተሻለ መልስ የሚሰጥ የለም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ሲያሸንፍ ዕድሜው 28 ነበር፤ ሩጫን በሥርዓት የተማረውም ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በክብር ዘበኛ ውስጥ ነው። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ያንኑ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመት ሆኖት ነበር። በእርስዎ ስሌት ቢሆን ሁለቱም ጡረታ ወጥተው ስለ ጉልበታቸው በሚያወሩበት ዕድሜ ላይ ነበሩ። ዛሬ በሐይቃችን ዳር ሪዞርት ያለው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ከአሰላ አቅራቢያ ከሚገኘው ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር፣ ሲሮጥ ግራ ክንዱን የሚያጥፈውም በዚያን ጊዜ ደብተር ይይዝበት ስለነበር እንደሆነ ያልሰማ የለም። ያስሮጠው ግን የትምህርት ቤቱ ደወል ነው፤ አባቱማ ሩጫውን አልወደዱለትም ነበር። ከዚህ ተነሥተን ብንሄድ ሻምፒዮን ማሳደግ የሚፈልግ አባት ኳሱን ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ነበረበት። (ይህንን ምክር አድርገው እንዳይወስዱት አደራ እንላለን፤ የቁም ሣጥን ቁልፍ ስለጠፋባቸው ወላጆች ሌላ ዓምድ መክፈት አንፈልግም።)

አሰልጣኙ «ገና ልጅ ነው» ማለታቸው እንደ ስድብ ሊቆጠር አይገባም፤ ልጁ በእርግጥም ልጅ ነው። ልንጠይቃቸው የሚገባን ጥያቄ ቢኖር የ10 ዓመት ልጆች በሚጫወቱበት ውድድር ሁሉም ልጆች በቂ ደቂቃ እንዲያገኙ ለምን እንደማያደርጉ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ተጠባባቂ ወንበር የሚያስተምረው ነገር መቀመጥን ብቻ ነውና። ይህንንም ሲጠይቁ ከጨዋታ በኋላ ለብቻቸው፣ በዝግታ፣ ቢቻል ከማኪያቶ ጋር ይሁን።

ስለ 1996ቱ ዋንጫ አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ ይከብደናል። ሀዋሳ ከተማ በ1999 ዓ.ም. ዋንጫውን ደግሞ አንሥቶታል፤ ስለዚህ ጉልበትዎ ሦስት ዓመት የማገገሚያ ጊዜ ነበረው። ይሁን። አሁንም ቢሆን አልረፈደም፤ በየሰፈሩ ጎልማሶች እሑድ ማለዳ የሚጫወቱበት ጤና ቡድን ስላለ ነገውኑ ይመዝገቡ። በመጀመሪያው ጨዋታዎ ልጅዎ ከመስመሩ ዳር ቆሞ «ተመለስ እንጂ! ምን ሆነሃል? እንቁላሉን ማን ጠጣው?» እያለ በጓደኞችዎ ፊት ይጩኽብዎ። ከዚያ በኋላ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ማን ማንን መቀስቀስ እንዳለበት በቤተሰብ ደረጃ ተመካከሩ።

ጥያቄ፦ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ውድድር የምዳኝ ወጣት ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሪጎሬ በመስጠቴ አንዲት እናት ጃንጥላ ይዘው ሜዳ ገቡ፤ ጃንጥላውን ያመጡት ለዝናብ እንዳልነበረ ከአያያዛቸው ተረድቻለሁ። ከዳር የቆሙት አባቶች ደግሞ ስለ እናቴ ብዙ ነገር ተናገሩ፤ እናቴ ግን ሀዋሳን ረግጣ አታውቅም። ለወላጅ ቀይ ካርድ ማሳየት እችላለሁ?
(ፊሽካ፣ ከአሮጌ ገበያ)

መልስ፦ ወንድማችን ፊሽካ፣ አይችሉም። የእግር ኳስ ሕግ ከ2019 ጀምሮ ዳኛ ለአሰልጣኞችና ለሌሎች የቡድን ኃላፊዎች ቢጫና ቀይ ካርድ እንዲያሳይ የፈቀደ ቢሆንም፣ ተመልካችን አይጨምርም፤ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች የታዳጊ ተጫዋች እናት አይተው አያውቁ ይሆናል። ሆኖም ያው ሕግ ከውጭ ጣልቃ ገብነት ሲኖር ጨዋታውን የማስቆም፣ ለጊዜው የማቋረጥ ወይም ጨርሶ የመሰረዝ ሥልጣን ለዳኛው ይሰጣል። ፊሽካዎን ይንፉ፣ ልጆቹን ውኃ ያጠጡ፣ ጃንጥላዋ ከመስመሩ ውጭ እስክትዘረጋ ድረስም ኳሱን ይዘው ይቁሙ። ጨዋታው በማን ምክንያት እንደቆመ ልጆቹ በግልጽ ይወቁ፤ ልጅ እናቱን ከሜዳ እንድትወጣ ሲለምናት የሚያህል ቅጣት በየትኛውም የዲሲፕሊን መመሪያ ላይ አልተጻፈም።

በእንግሊዝና በአሜሪካ አንዳንድ የታዳጊ ሊጎች ወላጆች ከማጨብጨብ በስተቀር አንዳች ቃል የማይናገሩባቸውን የጨዋታ ቀናት ይወስናሉ። ልጆቹ በእነዚያ ቀናት ኳስ እንዲያቀብሏቸው እርስ በርሳቸው መጠራራት እንጂ አንዱ «ምታው»፣ ሌላው «አቀብለው»፣ ሦስተኛው «ተወው» የሚላቸውን ሦስት አባቶች ድምፅ ማስማማት አይጠበቅባቸውም። እኛ ዘንድ በቃል ብቻ ዝም የሚል ወላጅ ስለማይገኝ፣ አወዳዳሪዎቹ ለእያንዳንዱ ወላጅ በመግቢያው ላይ የወንዶ ገነት ሸንኮራ ቢያድሉ መልካም ነው እንላለን፤ ሸንኮራ የሚያላምጥ ሰው የዳኛ እናት ላይ መድረስ አይችልም። አገዳው ግን በአጭር በአጭሩ ይቆረጥ፤ ረጅሙ ከጃንጥላው ይብሳል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር እትማችሁ ለትንንሽ ልጆች ውድድር የደረጃ ሰንጠረዥ አያስፈልግም ብላችኋል። እንዲህ ያለ ልስላሴ ሀገርን ያለ ሜዳልያ ያስቀራል። ልጅ ከሕፃንነቱ ካልተፎካከረ መቼ ሊፎካከር ነው?
(ሀገሬን፣ ከታቦር ሥር)

መልስ፦ የተከበሩ ሀገሬን፣ ኖርዌይ የሚባል አንድ ለስላሳ ሀገር አለ፤ ሕዝቡ ስድስት ሚሊዮን እንኳን አይሞላም። በዚያ ሀገር የልጆች ስፖርት የራሱ ደንብ አለው፤ በደንቡ መሠረት ልጆች 11 ዓመት ሳይሞላቸው የውጤት ዝርዝርም ሆነ የደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣላቸውም፣ 13 ዓመት ሳይሞላቸውም በብሔራዊ ሻምፒዮና አይሳተፉም። ምን ያህል እንዲሠለጥኑና እንዲወዳደሩ በሚወሰንበት ጊዜም ሐሳባቸው ይጠየቃል። እነዚህ ያልተፎካከሩ ልጆች አድገው በ2022ቱ የቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ 16 ወርቅ ወሰዱ፤ በአንድ የክረምት ኦሊምፒክ ይህን ያህል ወርቅ ከእነርሱ በፊት የወሰደ ሀገር አልነበረም። በረዶ ስላላቸው ነው ይሉን ይሆናል። እኛም ከፍታውና አየሩ አለን፤ የጎደለን የዘጠኝ ዓመት ሕፃን አንደኛ ባለመውጣቱ ምሳ የማይከለክል አባት ነው።

ልጆች ሰንጠረዥ ባይለጠፍላቸውም ይፎካከራሉ። ሁለት ልጆችን አንድ ኳስና ሁለት ድንጋይ ሰጥተው ይተዋቸው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጎሉ ገባ አልገባም ተብሎ ጭቅጭቅ ይነሣል፣ በስድስተኛው ደቂቃ ይታረቃሉ። ጭቅጭቁ እስከ ማክሰኞ የሚዘልቀው አዋቂ ሲገባበት ነው።

ጥያቄ፦ አምና 12 ዓመቴ ነበር። ዘንድሮ አባቴ ለውድድሩ ምዝገባ ባመጣው ወረቀት ላይ 10 ዓመቴ ነው። ታናሽ እህቴ 11 ዓመቷ ስለሆነ «አሁን ታላቅህ እኔ ነኝ» ብላ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ወስዳብኛለች። በጨዋታ ላይም ከእኔ በጣም የሚያንሱ ልጆችን ሳልፍ አሰልጣኙ ያጨበጭብልኛል፣ እኔ ግን አፍራለሁ። አባቴን ልታዘዝ ወይስ እውነቱን ልናገር?
(አሥራ ሦስት የሆንኩት)

መልስ፦ ወንድም ጎበዝ፣ ሪሞቱን ለማስመለስ የሚበቃ ሕጋዊ መሠረት አለህ፤ እህትህ በወረቀት ያገኘችውን ታላቅነት በወረቀት ልታጣው ትችላለችና። ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ ማፈርህ ትክክል ነው፤ ማፈር የነበረበት ግን ሌላ ሰው ነው።

አባትህ ይህን ያደረጉት ሁሉም ሰው ያደርገዋል ብለው ይሆናል፤ በዚህ ረገድ ብዙም አልተሳሳቱም። በሽታው የቆየ በመሆኑ ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ካስተናገደችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማስመርመር ጀምሯል። በክንድ አጥንት ጫፍ ላይ ያለው የዕድገት ክፍል ልጅ ሲጎለምስ ሙሉ በሙሉ ይገጥማል፤ ከ17 ዓመት በፊት የሚገጥምለት እጅግ ጥቂት ነው። በዚህም የተነሣ ወረቀታቸው ልጅ፣ አንጓቸው ጎልማሳ የሆኑ ብዙ ተጫዋቾች ከአፍሪካ ቡድኖች ተቀንሰዋል። በእኛና በፈረንጆች የዘመን አቆጣጠር መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነትም ቢሆን ለዘመን የተሰጠ ነው፤ ለአጥቂ ቅናሽ ሆኖ አያገለግልም። ምሩጽ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ሲወስድ የውጭ ጋዜጠኞች ከሩጫው እኩል ዕድሜውን ያሳድዱ እንደነበር ታላላቆችህ ይነግሩሃል። ምሩጽ ግን የሮጠው ከአዋቂዎች ጋር ስለነበር ዕድሜው ስንትም ቢሆን የማንንም ሕፃን ቦታ አልወሰደም።

አንተ ግን የያዝከው ቦታ የአንድ የ10 ዓመት ልጅ ቦታ ነው። ደግሞም ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ በቁመት ሲደርሱብህ፣ እነርሱ በብልጠት ማለፍን ተምረው አንተ በጉልበት መግፋትን ብቻ ይዘህ ትቀራለህ። ስለዚህ መጀመሪያ ለእናትህ ንገራት፤ እናት የወለደችበትን ዓመት በወረቀት አትረሳም። ከእርሷ ጋር ሆናችሁ ለአባትህ፣ አባትህም ለአሰልጣኙ ይናገሩ። ብቻህን ሄደህ አባትህን አሳልፈህ እንድትሰጥ አንመክርህም፤ ይህን የቆለፈው አዋቂ ስለሆነ መክፈትም ያለበት አዋቂ ነው። በዕድሜ እኩዮችህ ቡድን ውስጥ ተጠባባቂ ብትሆን እንኳን ቢያንስ ቤት ውስጥ ታላቅ ትሆናለህ።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ቴኳንዶ ከጀመረች ወራት ሆኗታል፤ የጎረቤቴ ልጅ ቢጫ ቀበቶ ስታስር የእኔዋ ገና ነጭ ናት። በአንድ ዓመት ውስጥ ጥቁር ቀበቶ የሚያሰጥ ቦታ ጠቁሙኝ።
(የነጯ እናት)

መልስ፦ እንዲህ ያለ ቦታ አለ፤ የልብስ ስፌት ዕቃ መሸጫ ይባላል፤ ጥቁሩን በሜትር ይሸጡልዎታል። በቴኳንዶ ግን ከነጭ ተነሥቶ በቢጫ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በቀይ በኩል የሚያልፍ የዓመታት መንገድ ነው፤ በወርልድ ቴኳንዶ ሥርዓትም ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፈተናውን ቢያልፍ እንኳን ዳን የሚባለው የአዋቂዎች የጥቁር ቀበቶ ደረጃ ሳይሆን ፑም የሚባል የልጆች ደረጃ ነው የሚሰጠው። ለነገሩ የጎረቤትዎ ልጅና የእርስዎ ልጅ ከልምምድ በኋላ ቀበቶአቸውን አያይዘው ገመድ እንደሚዘሉበት ቢጠይቋቸው ይነግሩዎታል ብለን እንገምታለን።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ። የልጅ ልጄ ቡድን ለፍጻሜ ደርሷል። ካሸነፈ ለሀዋሳ ገብርኤል ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስያለሁ። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ የማኅበር ጓደኛዬ፣ የተቃራኒው ቡድን በረኛ አያት፣ እርሷም ጃንጥላ መሳሏን ነገረችኝ፤ የእርሷው ደግሞ ባለ ወርቅ ዘርፍ ነው። ልጨምር ወይስ ልተው? ልጁማ «እማማ፣ እኔ የምፈልገው ከጨዋታው በኋላ የሚሰጠውን ለስላሳ ነው» አለኝ።
(የአጥቂው አያት)

መልስ፦ እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ሰነበቱ? እኛ በስለት ጉዳይ ዳኛ ለመሆን አንደፍርም፤ ይሁን እንጂ ሁለት አያቶች በአንድ ጨዋታ ላይ ተቃራኒ ስለት ሲሳሉ ነገሩ ወደ ጨረታ እንዳይሄድ እንፈራለን። ዛሬ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ለግማሽ ፍጻሜ ምንጣፍ፣ ለፍጻሜ ደወል መሆኑ ነው፤ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ሪጎሬ ሊመታ ሲቆምም ከበረኛው ሌላ የደወሉን ዋጋ ሊያስብ ነው።

ስለዚህ የአባትነት ምክሩን ከንስሐ አባትዎ ይጠይቁ፤ የእኛ ሐሳብ ግን ከጓደኛዎ ጋር ቡና አፍልታችሁ ስለቱን ለሁለቱም ልጆች ጤና ብታደርጉት የሚል ነው። አጥቂውም በረኛውም እግራቸው ሳይሰበር፣ ጥርሳቸው ሳይወልቅ ቤታቸው ከገቡ የሁለታችሁም ስለት ሰመረ ማለት ነው። በጨዋታው ቀን ከአጥቂው ጎል በስተጀርባ ሳይሆን ከጓደኛዎ ጎን ይቀመጡ። ጃንጥላውን ግን ወደ ሜዳ ይዘው እንዳይመጡ፤ ዳኛው ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ጃንጥላ ሲያይ ይደነግጣል።

የለስላሳውን ነገር ደግሞ አወዳዳሪዎቹን አስቀድመው ይጠይቁልን። የሚሰጠው ለአሸናፊው ቡድን ብቻ ከሆነ ለሌላኛውም አንድ ሣጥን ይግዙ፤ ከወርቅ ዘርፉ ይረክሳል።